ከፓራፋንጎ የወጣ ጎማ፦ ውበቱ ለሻጭ፣ ዕዳው ለገዢ

በመኪና ገበያ ዓይን ይመርጣል፣ ኪስ ይከፍላል። በጅግጅጋም ሆነ በአዲስ አበባ ሰፊ ጎማ የተገጠመለት፣ ቸርኬው ከፓራፋንጎው አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ላንድ ክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ከተሰለፉት መኪኖች መካከል ቀድሞ ይታያል። ሻጩ «የተሟላ ነው» ይላል፤ ደላላውም ለጎማው ብቻ የተወሰነ ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይደምራል። ይሁን እንጂ ያቺ ወደ ውጭ የወጣች ጥቂት ሳንቲ ሜትር የቦሎ፣ የመድን፣ የመለዋወጫ፣ አልፎ ተርፎም የፍርድ ቤት ጉዳይ ይዛ ልትመጣ እንደምትችል ልብ የሚለው ገዢ ብዙ አይደለም።

ጉዳዩ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት ያገኘባቸው ምክንያቶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በከፍተኛ ደረጃ ረከሰ፤ ጎማና መለዋወጫም አብረው ተወደዱ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና እንደ ቋሚ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ባለቤት ለጌጥ ያስገጠመው ጎማ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ገዢ ውርስ ሆኖ ይደርሳል።

የቀብሪበያ መንገድና ገበያው

ቀብሪበያ ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ደገሃቡርና ጎዴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሌ ስደተኞች ጣቢያ የተቋቋመባት ናት። የሰሜኑ ሶማሌ ክልል ከተሞች፣ ማለትም ጅግጅጋ፣ ቀብሪበያ፣ ሐርትሼክና ቶጎ ውጫሌ፣ በአንድ የንግድ ገመድ የተሳሰሩ ናቸው። ሐርትሼክ በ1980 ዓ.ም. የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. የተዘጋው ግዙፍ የስደተኞች ጣቢያ የነበረባት፣ በዚያው ዘመንም በኮንትሮባንድ ገበያዋ ስሟ የታወቀ ከተማ ነበረች። ቶጎ ውጫሌ ደግሞ ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ ወደብ የምታሻግር በር ናት።

በዚህ ገመድ ላይ የሚንቀሳቀሰው ተሽከርካሪ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጫት የጫነ መኪና ለሰዓት ይሽቀዳደማል። የቁም እንስሳት የጫነ አይሱዙ ወደ ድንበር ይወርዳል። በድርቅ ጊዜ ውሃ የጫነ ቦቴ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይመላለሳል። የረድኤት ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮች ከዋናው መንገድ ወጥተው በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ይሄዳሉ። አሸዋና ጭቃ ባለበት አገር ሰፊ ጎማ መፈለግ ከጌጥ ብቻ የመነጨ አይደለም። ሰፊ ጎማ ክብደቱን በሰፊ መሬት ላይ ስለሚያሳርፈው ቶሎ አይሰምጥም። ስለዚህ የገዢው ጥያቄ «ሰፊ ጎማ ለምን ተገጠመ?» ሳይሆን «በምን ዓይነት ቸርኬ፣ በየትኛው ፓራፋንጎ ሥር ተገጠመ?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ሌላም የአካባቢው ልዩ ነገር አለ። በሐርጌሳና በበርበራ የሚታዩት ያገለገሉ መኪኖች አብዛኞቹ ከጃፓን፣ ብዙውን ጊዜም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል የሚመጡ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ናቸው። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በኩል የሚነዳባት አገር ናት። መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ላይ የተቀመጠ ሾፌር ለመንገዱ ዳር ይቀርባል፤ ከፊት ለፊት ለሚመጣው መኪና የሚቀርበው የግራ ጎማ ግን ከዓይኑ ይርቃል። ያ የግራ ጎማ ደግሞ ከአካሉ ውጭ ቢወጣ ሾፌሩ የማያየው፣ ከፊት የሚመጣው ግን የሚነካው ብረት ይሆናል።

ጎማ ለምን ይወጣል?

ጎማ ከፓራፋንጎ የሚወጣባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ጎማው ሲሰፋ ነው። በጎማ ላይ 265/65 አር 17 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው ክፍል ወርዱን በሚሊ ሜትር ያሳያል። 265 የነበረው በ285 ቢተካ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ግማሹ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትሩ ወደ ውጭ ይወጣል።

ሁለተኛው ቸርኬው ሲለወጥ ነው። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚገልጸው መለኪያ ኦፍሴት ይባላል። ኦፍሴቱ 25 ሚሊ ሜትር የነበረ ቸርኬ ወርዱ ሳይለወጥ ኦፍሴቱ ዜሮ በሆነ ቢተካ ጎማው በእያንዳንዱ ጎን 25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። የመኪናው የጎማ ለጎማ ስፋት በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ገዢው በቀላሉ የማያየው፣ በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባው ስፔሰር የሚባለው ብረት ነው። ስፔሰር የፋብሪካውን ቸርኬ ሳይለውጥ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል። ቸርኬው ካልተፈታ በስተቀር መኖሩ አይታወቅም። ለቡሎኖቹ የሚተርፈው ጥርስ ካነሰ ዳዶው በቂ አይዝም። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ጎማው መንገድ ላይ ሲፈታ ነው።

በውጭ አገር በሚሊ ሜትር ይለካል

የአውሮፓ አገሮች ለዚህ ጉዳይ የጋራ መለኪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለአውቶሞቢሎች የወጣው ይህ መመሪያ የሚለው ቀላል ነው። በጎማው መሃል በኩል ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ከዚያ መስመር 30 ዲግሪ ወደ ፊት፣ 50 ዲግሪ ወደ ኋላ ባለው ክልል ውስጥ የመኪናው አካል ወይም ፓራፋንጎ የጎማውን ወርድ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። የፓራፋንጎው የኋላ ጫፍም ከጎማው መሃል ከ150 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ማለቅ የለበትም። ዓላማው ግልጽ ነው። ጎማ ሲሽከረከር ድንጋይ፣ ጭቃና ውሃ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይወረውራል። ሽፋኑ ያንን እንዲይዝ፣ እግረኛም ከሚሽከረከረው ጎማ ጋር እንዳይነካካ ነው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የተሽከርካሪ አሠራርና አጠቃቀም ደንብ ጎማ የሚወረውረውን ጭቃና ውሃ የሚይዝ ፓራፋንጎ እንዲኖር ታስገድዳለች። በጀርመን ቸርኬ የለወጠ ባለቤት ለውጡ በፈቃድ ሰነድ ያልተሸፈነ ከሆነ በባለሙያ አስመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ ማስመዝገብ አለበት፤ ካልሆነ መኪናው በመንገድ ላይ የመንዳት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

ለእኛ ገበያ በይበልጥ የሚጠቅመው የጃፓን ልምድ ነው፤ በሐርጌሳ በኩል የሚታዩት መኪኖች መነሻ አገር ናትና። ጃፓን በዚያው የ30 እና የ50 ዲግሪ ክልል ውስጥ ጎማ ከአካሉ እንዳይወጣ ስትከለክል ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ግን ለመንገደኛ መኪኖች ጥቂት ላላች። የጎማው ላስቲክ ክፍል ብቻ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ቢወጣ ይፈቀዳል ተባለ። ቸርኬው ወይም ዳዶው ቢወጣ ግን አሁንም አይፈቀድም። ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው። የላስቲኩ ጎን ብዙውን ጊዜ በተጻፈበት ፊደልና መስመር ምክንያት ጥቂት ያብጣል። ብረት ሲወጣ ግን የሚነካውን ይቆርጣል።

በአገራችን ሕጉ የሚይዘው ከየት በኩል ነው?

በኢትዮጵያ ባለ መኪናውን የሚመለከቱት ሕጎች በአንድ ሰነድ ላይ የተሰበሰቡ አይደሉም። በአራት አቅጣጫ ይመጣሉ።

አንደኛው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ማንኛውም መኪና ይመዘገባል፣ ሊብሬ ይወጣለታል፣ በየዓመቱ ይመረመራል። ቦሎ የሚለጠፈው ይህን ምርመራ ላለፈ መኪና ነው። ምርመራው ፍሬንን፣ መሪን፣ መብራትን፣ ጎማንና አካልን ይመለከታል። የመኪናውን ዓይነትና አካል የሚነካ ለውጥ መዝጋቢው አካል ሳያውቀው በሊብሬው ላይ ካለው መግለጫ ርቆ እንዲሄድ አይፈለግም። ጎማው ሰፍቶ፣ ፓራፋንጎው ተቆርጦ፣ ባሌስትራው ተነስቶ የመጣ መኪና ለመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሆናል። ያኔ ባለቤቱ ወይ የፋብሪካውን ቸርኬ መልሶ ይገጥማል፣ ወይ ቀኑንና ገንዘቡን ያባክናል።

ሁለተኛው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። ትራፊክ ፖሊስ የቴክኒክ ጉድለት አለበት ያለውን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ አስቁሞ ይጠይቃል። ቦሎ ያለው መኪና ከጥያቄ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቦሎው የሚናገረው ስለ ምርመራው ቀን ነው። ለምርመራው ቀን የፋብሪካውን ጎማ ከጎረቤት ተውሶ ገጥሞ የሚያልፍ ባለ መኪና በማግስቱ በመንገድ ላይ ተጠያቂነቱ እንዳለ ነው።

ሦስተኛው የመጠንና የክብደት ደንብ ነው። ይህ በይበልጥ የጭነት መኪና ባለቤቶችን ይመለከታል። የጭነት መኪና ወርድ ወሰን 2 ሜትር ከ50 ነው። አካሉ 2 ሜትር ከ45 የሆነ የጭነት መኪና እንውሰድ። በሁለቱም ጎን ጎማው ከአካሉ 40 ሚሊ ሜትር ቢወጣ ጠቅላላ ወርዱ 2 ሜትር ከ53 ይሆናል። ካሮሴሪው በሕግ ወሰን ውስጥ እያለ በጎማ ምክንያት ብቻ መኪናው ከወሰን ያልፋል።

አራተኛው ብዙ ባለ ሀብት የማያስታውሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ከአካሉ የወጣ ቸርኬ በጠባብ የገበያ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ቢቧጥጥ ወይም የእግረኛ እግር ቢመታ «ሾፌሩ ነው» ማለት ባለቤቱን አያድነውም።

መድንን በሚመለከትም ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የተቋቋመው ለተጎጂው ነው። የባለቤቱን መኪና የሚጠግነው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ሽፋን ነው። ይህ ደግሞ ውል ነው። በንግድ ሕጉ የመድን ክፍል መሠረት መድን ገቢው የአደጋውን ሁኔታ በትክክል መግለጽ ይጠበቅበታል። መኪናው በፎርሙ ላይ እንደ ፋብሪካው ተገልጾ በመንገድ ላይ ሌላ ከሆነ የካሣ ክርክር በር ይከፈታል።

በወረቀት የማይታየው ሂሳብ

ሕጉን ወደ ጎን አድርገን ሂሳቡን ብቻ ብናየው እንኳ ወደ ውጭ የወጣ ጎማ ርካሽ አይደለም። የመጀመሪያው ተጎጂ ኩሽኔታው ነው። የመኪናው ክብደት በጎማው መሃል በኩል ወደ ሞዞው ይተላለፋል። የጎማው መሃል ከኩሽኔታው 10 ሚሊ ሜትር ይርቅ የነበረ ከሆነና አሁን 40 ቢርቅ፣ በዚያው ክብደት ኩሽኔታውን የሚጠመዝዘው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በረጅም እጀታ ዳዶ መፍታት የሚቀልበት ምክንያት እዚህ በተቃራኒው ይሠራል፤ ርቀቱ ጉልበት ይጨምራል። መሪውም ይከብዳል። ፍሬን ሲያዝ ጎማዎቹ እኩል ካልያዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ሁለተኛው ኪሳራ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ነው። 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ቆጣሪው ካልተስተካከለ 80 ሲል መኪናው በእውነት የሚሄደው ወደ 86 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። መኪናውን በኪሎ ሜትር ሂሳብ ለሚያከራይ ነጋዴ ደግሞ ቆጣሪው 5,000 ሲጽፍ መኪናው የሄደው 5,350 ነው። 350 ኪሎ ሜትር ነዳጅና ዘይት በላ፤ ኪራይ ግን አልተከፈለበትም። ገዢውም ቢሆን «100,000 ብቻ የሄደ» የተባለው መኪና ያ ጎማ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረው ከሆነ 107,000 የሄደ መሆኑን ማስላት አለበት።

ሦስተኛው የጎማው ምንጭ ነው። በምሥራቅ ድንበር ጎማ ራሱ ከታወቁት የኮንትሮባንድ ዕቃዎች አንዱ ነው። ዲክላራሲዮን የሌለው አዲስ ጎማ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የሚወረስ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ርካሹን ጎማ ገዝቶ ቀረጥ ለከፈለበት መኪና መግጠም ንጹሑን ንብረት ከጥርጣሬ ጋር ማጋባት ነው።

«አይቶ የገዛ» የሚከራከርበት የለውም

ለደላሎችና ለገዢዎች ትልቁ ነጥብ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሽያጭ በሚደነግገው ክፍል ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። ገዢም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀው ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ምክንያት አድርጎ በኋላ ሻጩን ሊጠይቅ አይችልም።

ከፓራፋንጎ የወጣ ጎማ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታይ ጉድለት ነው። ገዢው መኪናውን የመረጠው ያንኑ አይቶ ነው። በቦሎ ጊዜ «አያልፍም» ቢባል ወደ ሻጩ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ይሆናል። ስፔሰር ግን ሌላ ነው። ከቸርኬው ጀርባ ተደብቋል። ሻጩ እያወቀ ከደበቀው «እንዳለ ገዝተሃል» የሚል የውል ቃል ቢኖርም መከለያ አይሆነውም። በመሆኑም የሚታየው የገዢው ኃላፊነት፣ የተደበቀው ደግሞ የሻጩ ዕዳ ነው ማለት ይቻላል። ብልህ ደላላ ሁለቱንም ከውሉ በፊት ወደ ብርሃን ያወጣቸዋል፤ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ በሁለት ወገን ከመጠራት ይድናልና።

ከመፈራረም በፊት

መለኪያው ውድ መሣሪያ አያሻውም፤ የግንበኛ ቱምቢ ይበቃል። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም፤ መሪው ይቅና፤ የጎማዎቹ ንፋስ በልኩ ይሁን። ክሩ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ይንጠልጠል። ክሩ ጎማውን ሳይነካ ከወረደ መልካም ነው። በላስቲኩ ላይ ካረፈ ምን ያህል እንደወጣ ይለካ። በቸርኬው ወይም በዳዶው ላይ ካረፈ ግን ዋጋው ላይ ከመነጋገር በፊት መፍትሔው ላይ መነጋገር ያስፈልጋል። ልኬቱ በአራቱም ጎማ ላይ መደረግ አለበት። አንዱ ብቻ ከወጣ ምክንያቱ ጌጥ ሳይሆን የተጋጨ አካል ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጎሚስታ ተጠርቶ ከፊትና ከኋላ ቢያንስ አንዳንድ ቸርኬ ይፈታ። ስፔሰር ካለ ያኔ ይታያል። በጎማው ጎን ያለው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ፋብሪካው ከለጠፈው ቁጥር ጋር ይመሳከር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ቀለሙና የአካሉ ዓይነት ከሊብሬው ጋር ይነጻጸር። የፋብሪካዎቹ አራት ቸርኬዎች የት እንዳሉ ይጠየቅ። ካሉ ከመኪናው ጋር እንዲሰጡ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ከሌሉ የሚገዙበት ገንዘብ ከዋጋው ይቀነስ። ወደ ውልና ማስረጃ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው።

በአሸዋ መንገድ ለሚሠራና ሰፊ ጎማ የግድ ለሚያስፈልገው ባለ መኪና መፍትሔው ጎማውን መተው ብቻ አይደለም። ኦፍሴቱ ትክክለኛ የሆነ ቸርኬ መምረጥ፣ ፓራፋንጎውን በላስቲክ ወይም በፕላስቲክ ማስፋፊያ መሸፈን፣ ለውጡንም ከምርመራው በፊት ማሳወቅ ይቻላል። የጭነት መኪና ባለቤት ግን ማስፋፊያው ራሱ ወርድ እንደሚጨምር ማስላት ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ ጉዳይ አያመልጥም። ባትሪው ክብደት ስለሚጨምርበት ጎማው ሊሸከም የሚችለው ክብደት በጎኑ ላይ በተጻፈው የጭነት ቁጥር መረጋገጥ አለበት። ለውበት ብቻ ተብሎ የተለወጠ ጎማ ይህን ቁጥር ካላሟላ አደጋው ከነዳጅ መኪናው ይብሳል።

የጅግጅጋ፣ የቀብሪበያና የቶጎ ውጫሌ ገበያ በመኪና ዋጋ ላይ የሰላ ዓይን ያለው ነጋዴ የሞላበት ነው። የሞተር ድምፅ አዳምጦ ዕድሜውን የሚገምት ነጋዴ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ቱምቢ ማንጠልጠል አያቅተውም። የመኪና ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ የሁለት ደቂቃ ልኬት የአንድ ዓመት ክርክር ያስቀራል።